በቢስክሌት እስከ ሞያሌ

በዚህ ዓምድ ስለ ቤት አያያዝ፣ ስለ ሕፃናት አመጋገብና ስለ ልብስ ስፌት በየጊዜው ይቀርባል። የዛሬው ጽሑፍ ግን ከቤት ወጥቶ ስለ መሄድ ነው። ውድ እህቶች፣ «ልጅ ያላት ሴት ምን ነክቷት በቢስክሌት አገር ታቋርጣለች?» እንደምትሉ አላጣሁትም። እናቴም ያለችው ይህንኑ ነው።

ጉዞው የተደረገው በጥር ወር 2007 ዓ.ም. ሲሆን፣ ከአዲስ አበባ እስከ ኬንያ ድንበር ያለው መንገድ 770 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አብራኝ የሄደችው ከትምህርት ቤት ጀምሮ የማውቃት ጓደኛዬ ናት። በሙያዋ ነርስ፣ የሦስት ልጆችም እናት ናት። እኔ የአራት ዓመት ልጄን ለእናቴ አደራ ሰጥቼ ነው የተነሣሁት። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ፣ ሞያሌ ደግሞ 1,100 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ መሆናቸውን ካርታ ላይ አይተን፣ መንገዱን ሁሉ ቁልቁለት ይሆናል ብለን ነበር። ከዲላ በላይ ያለውን ዳገት የሚያውቅ ሰው በዚህ ሊስቅብን ይችላል።

በአዲሱ የፍጥነት መንገድ ላይ ቢስክሌት ስለማይፈቀድ በአሮጌው መንገድ በቢሾፍቱ አድርገን ሞጆ አደርን። በማግስቱ የአዋሽን ወንዝ ተሻግረን፣ የመቂን ሽንኩርትና ቲማቲም እያየን ዝዋይ ገባን። ሱሪ ለብሰን፣ ሻሽ አስረን ስለምንነዳ ሕፃናቱ «ቻይና! ቻይና!» እያሉ ይሮጡብን ነበር። ጓደኛዬ ኦሮምኛ ትችላለች፤ ሰላምታ ስትሰጣቸው በድንጋጤ ቆመው ይቀራሉ። አንዲት በመንገድ ዳር ቲማቲም የምትሸጥ እናት ግን አልደነቃትም። «ባሎቻችሁ መኪና አጡላችሁ እንዴ?» ብላ ብቻ ጠየቀችን።

የላንጋኖንና የአብያታን ሐይቆች ግራና ቀኝ ትተን ሻሸመኔ፣ ከዚያም ሐዋሳ ገብተን ትንሽ አረፍን። ከሐዋሳ በኋላ የመንገዱ መልክ ይለወጣል። በሲዳማና በጌዴኦ በየደጁ እንሰት ነው። ከጥላ ዛፉ ሥር ቡና፣ ከቡናው መካከል እንሰት እየተፈራረቀ በአንድ ማሳ ላይ ይኖራል። ይህ የጌዴኦ አስተራረስ በ2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ፣ እኔ በበኩሌ ያስታወስኩት ያንን ዳገት ነው። በዲላና በይርጋ ጨፌ መካከል ከቢስክሌታችን ወርደን ብዙ ገፍተናል።

ሐገረ ማርያም፣ ቡሌ ሆራ ማለት ነው፣ የደረስነው በሰባተኛው ቀን ማታ ነበር። ስልክ ብደውል እናቴ ድምፅዋ ልክ አልሆነም። ልጅቷ ከትናንት ጀምሮ ተኩሷታል፤ «እንዳትጨነቂ ብዬ ነው» አለችኝ። እኔም ሌሊቱን የሚነሣ መኪና እንዳለ ለመጠየቅ ተነሣሁ።

ጓደኛዬ ስልኩን ከእጄ ተቀበለች። «እማዬ፣ ውሃ ትጠጣለች? የጠጣችውን ሁሉ ታስመልሳለች? ሰውነቷ ተንቀጥቅጦ ነበር? ስትጠሯት ዓይኗን ገልጣ ታያችኋለች?» እያለች አንድ በአንድ ጠየቀች። ከዚያም ልጅቷ ሳታለቅስ ደረቷን እያዩ ትንፋሿን አንድ ሙሉ ደቂቃ እንዲቆጥሩ አደረገቻቸው። እናቴ 32 ቆጠረች። በዚህ ዕድሜ ላለ ልጅ 40ና ከዚያ በላይ ሲሆን ነው ፈጥኗል የሚባለው። «ቢሆንም ነገ በጠዋት ጤና ጣቢያ ይውሰዷት። ሌሊት ከባሰባት ወይም መጠጣት ካቃታት ግን ሳይነጋ» አለቻቸው። ወደ እኔ ዞራም «የምርመራውን ውጤት ሳትሰሚ አትሂጂ» አለችኝ።

በዚህ ጊዜ ልናገረው የማይገባኝን ተናገርሁ። «ያንቺ ልጅ ብትሆን እንዲህ አትዪም ነበር» አልኳት። አልመለሰችልኝም። መብራቱን አጥፍታ ተኛች።

በማግስቱ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ እናቴ ደወለች። ሕመሙ ቶንሲል ነው፣ መድኃኒት ተሰጥቷታል አለችኝ። ትኩሳቱ እስኪበርድ ድረስ አንድ ቀን ለመጠበቅ ወሰንን። ይቅርታ ልጠይቅ ሻይ ይዤ ስገባ ጓደኛዬ አልጋ ላይ ተቀምጣ ቀኝ ጉልበቷን በፋሻ ታስራለች። ጉልበቷ አብጧል። ከይርጋ ጨፌ ጀምሮ ያማት ነበር። «ለምን አልነገርሽኝም?» ብላት፣ «ብነግርሽ ወደ ቤት ለመመለስ ምክንያት ታገኚ ነበር» አለችኝ። እውነቷን ነው። በየማታው ስልክ ከደወልኩ በኋላ ስለ መኪና መነሻ ሰዓት ሳልጠይቅ የተኛሁበት ቀን አልነበረም። ያ የመጠበቂያ ቀን ለልጄ ብቻ ሳይሆን ለጉልበቷም ሆነ። ማታ ልጄ ራሷ ስልኩን ይዛ ገንፎ መብላቷን ነገረችኝ።

ከዚያ ወዲያ ፊት ፊት የምነዳው እኔ ሆንሁ። እስከዚያ ድረስ ፊት የምትሆነው እርሷ ነበረች። የቦረና ነፋስ ከፊት ስለሚመጣ ከኋላ የተጠጋ ሰው ጥቂት ይቀለዋል። የእርሷን ጓዝም ከፍዬ በእኔ መጫኛ ላይ አሰርሁት። ዳገት ሲመጣ ወርደን በእግር ሄድን። ከሰው የሚበልጡ የምስጥ ኩይሳዎች፣ ግመሎች፣ በያቤሎና በሜጋ አካባቢ ካልሆነ በዓለም ላይ የትም የማይገኝ ያ ግራጫ ቁራ፣ ሁሉንም ያየነው በእግረኛ ፍጥነት ነው። ዱብሉቅ ላይ አረፍ ብለን ስለ ቦረና ጥልቅ የውሃ ጉድጓዶች ሰማን። ወንዶቹ ከጉድጓዱ ሥር እስከ አፉ በረድፍ ቆመው፣ እየዘፈኑ፣ የውሃውን ዕቃ ከእጅ ወደ እጅ ያቀብላሉ። ጓደኛዬ ይህን ስትሰማ «ከእነርሱ አንዱ ቢያኮርፍ ከብቱ ሁሉ በውሃ ጥም ይሞታል» ብላ አየችኝ። ይቅርታውን የሰጠችኝ ያን ጊዜ ይመስለኛል።

ሞያሌ የገባነው በ11ኛው ቀን ከቀትር በኋላ ነው። ከተማዋ ግማሽዋ የእኛ፣ ግማሽዋ የኬንያ ናት። ከድንበሩ አጠገብ ቢስክሌቶቹን አስደግፈን ሻይ ጠጣን። ልጄ በስልክ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ግመሏን ይዘሽልኝ ትመጪያለሽ?»

ስንመለስ ቢስክሌቶቹን አውቶቡስ ጣራ ላይ አስጫንናቸው። ጓደኛዬ ገና ሜጋ ሳንደርስ ትከሻዬ ላይ እንቅልፍ ወሰዳት፤ ገፍተን የወጣነውን የይርጋ ጨፌን ዳገት አውቶቡሱ ሲወርደው አላየችም።