ክላክስህ እንዴት ነው?

መቼም የአዲስ አበባ ሰው ስለ መኪናው ተጠይቆ የማይመልሰው ነገር የለም። ስንት ሄዷል፣ ነዳጅ ይበላል ወይ፣ ቢሸጥ ስንት ያወጣል፣ ሁሉንም ይነግራችኋል። "ክላክስህስ እንዴት ነው? ደስተኛ ነህ?" ስትሉት ግን ቆም ብሎ ያያችኋል። የሆነ ነገር ልትሸጡለት የመጣችሁ ይመስለዋል።

እኛ ሰሞኑን ይህን ጥያቄ ይዘን ስንዞር ነበር። የጠየቅነው የምናውቃቸውን ሰዎች ነው፤ የሰፈራችንን የሚኒባስ ሹፌሮች፣ ሲኖ ትራክ የሚነዳ የአንዳችንን አጎት፣ ኤሌክትሪክ መኪና የገዙ ጎረቤታችንን፣ ሞተረኛውን ጓደኛችንን። ስለዚህ ጥናት ነው ብላችሁ በመቶኛ የሚነገር ነገር እንዳትጠብቁ። ግን አንድ ነገር ገርሞናል። በክላክሱ በጣም የረካው ሰው ክላክስ ብዙም የማያስፈልገው ሰው ነው።

ከሚኒባሱ እንጀምር። መንጃ ፈቃድ ስንማር ክላክስ አደጋን ለማስጠንቀቅ ነው ተብለናል። ጠዋት መገናኛ ሄዳችሁ ብትቆሙ ግን ማስጠንቀቂያ ሳይሆን ወሬ ነው የምትሰሙት። አንድ አጭር "ጢጥ" ማለት "ትሄዳለህ?" ነው፤ ለተሳፋሪ። ሁለት አጭር ለሌላ ሹፌር ሰላምታ ነው፣ አንዳንዴም ምስጋና። ሦስት ደግሞ ዝርዝር ፍለጋ ሱቅ ገብቶ የቀረውን ረዳት መጥሪያ ነው። ረጅሙን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ መብራቱ አረንጓዴ ከሆነ ግማሽ ሰከንድ ሳይሞላ ከኋላ የሚመጣው "ተኝተሃል እንዴ?" ነው። ጥርና ሚያዝያ ላይ ደግሞ የሰርጉ አለ፣ ያኛው ከበሮ ነው እንጂ ክላክስ አይባልም። ችግሩ ምን መሰላችሁ? ሕፃን ልጅ አስፋልት ውስጥ ሲገባም የሚነካው ያው ቁልፍ ነው፤ የሚወጣውም ያው ድምፅ። ቀኑን ሙሉ "ትሄዳለህ?" ሲል የዋለ ክላክስ "ልትሞት ነው!" ቢል ማን ያምነዋል?

አንድ በሰፈራችን ሃይሩፍ የሚነዱ ሹፌር፣ እኛ ጋሼ የምንላቸው፣ ጥያቄያችንን ከምር ወሰዱት። "ልጆች፣ ፍሬን ቢበላሽብኝ እጅ ፍሬን አለኝ። ክላክስ ቢበላሽብኝ ቀኑን ሙሉ ምን ልሆን ነው?" አሉን። እየቀለዱ መስሎን ነበር። ለካ አንዴ ተበላሽቶባቸው ለግማሽ ቀን ሥራ አቁመዋል። የመሪው ቁልፍ እምቢ ሲል ከዳሽቦርዱ ሥር ሁለት ሽቦ አውጥተው የበር ደወል መጫኛ ገጥመውለታል። እስከ ዛሬ የሚሠሩት በሱ ነው። ስትጫኑት እንግዳ የመጣ ይመስላል።

(በነገራችን ላይ "ክላክስ" የሚለው ቃል መጀመሪያ የአንድ ዕቃ ስም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1908 አሜሪካ ውስጥ ገበያ ላይ የወጣው የመኪና ጥሩንባ "ክላክሰን" ተባለ፣ መጮህ ከሚል የግሪክ ቃል ተወስዶ። ጣሊያኖቹ "ክላክሶን" አሉት፤ እኛ ደግሞ እንደ ፍሬን፣ እንደ ጎማ፣ እንደ ካንዴላ ተቀብለን ጭራውን ቆረጥነው። ስሙ ራሱ መጮህ ነው እንግዲህ፣ ምን ይደረግ!)

በዚህ ሁሉ መሃል ማንም የማይጠይቀው ረዳቱን ነው። ቀኑን ሙሉ በመስኮት ተንጠልጥሎ ይውላል፤ የራሱም የሌላውም ክላክስ ጆሮው ሥር ነው። በሥራ ቦታ ለጆሮ ደኅንነት በሰፊው የሚጠቀሰው ልክ 85 ዴሲቤል ለ8 ሰዓት ነው። ከዚያ በላይ በየ3 ዴሲቤሉ ሰዓቱ በግማሽ እየቀነሰ ይሄድና 100 ላይ ሲደርስ የሚቀራችሁ 15 ደቂቃ ነው። የጋሼ ረዳት ሃያ አራት ዓመቱ ነው። ሒሳብ ስትሰጡት ሁለቴ "ስንት?" ይላል። መኪናው ጸጥ ብሎ ቆሞም ይጮሃል። እናቱ "አንተ ልጅ፣ ቤት ነህ እኮ፣ ሜክሲኮ አይደለህም!" ይሉታል፤ እሱ ራሱ እየሳቀ ነው የነገረን። እኛ ግን ያን ያህል አልሳቅንም።

ከመካከላችን አንዷ ቨርጂኒያ ታክሲ የሚነዳ የአክስት ልጅ አላት። ባለፈው ለፋሲካ መጥቶ ይህንኑ ጠየቅነው። "የኔ መኪና ክላክስ ምን ዓይነት ድምፅ እንዳለው አላውቅም" አለን። ሁለት ዓመት ነድቶታል! እዚያ ሰው ላይ ክላክስ ማድረግ ስድብ ነው አለ። የመጣ ሰሞን ቦሌ ላይ ክላክስ በሰማ ቁጥር ዞሮ በእጁ ይቅርታ ይጠይቅ ነበር። በሦስተኛው ቀን አንገቱን አመመው። በሳምንቱ የተከራያትን ቪትዝ ይዞ ሲነፋ ያገኘነው እሱን ነው። ስለዚህ ነገሩ ጠባይ ነው የሚሉንን ሰዎች በዚህ አንስማማም። ከተማው ነው የሚያስነፋህ፤ ሌላው ስለሚነፋ አንተም ትነፋለህ፣ ሌላው ከፍ ስላደረገ አንተም ሶማሌ ተራ ሄደህ ከፍ ያለ ትገዛለህ።

ኤሌክትሪክ መኪና የገዙት ጎረቤታችን ጭንቀት ደግሞ ሌላ ነው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. ጥር ወር በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ካገደ ወዲህ እነዚህ መኪኖች በሰፈራችን ኮብልስቶን ላይ በዝተዋል። ችግራቸው አለመሰማታቸው ነው። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች አዲስ የሚሸጥ ኤሌክትሪክ መኪና ሁሉ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2021 ጀምሮ በዝግታ ሲሄድ የግድ ድምፅ ማሰማት አለበት፣ እግረኛ እንዳይገጭ። የጎረቤታችን መኪና ግን ዝም ነው። ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ እናቶች ነጠላቸውን አጣፍተው መሃል መንገድ ያወራሉ፣ እሳቸው ከኋላ ይደርሳሉ፣ ማንም አይሰማም። ክላክስ ሲነኩት ደግሞ እናቶቹ ደንግጠው ይዘላሉ፤ ከዚያ እርግማን ነው።

"የሚያስፈልገኝ እኮ ክላክስ አይደለም" አሉን። "ድሮ ሽማግሌ ሰው ግቢ ሲገባ ጉሮሮውን ይጠርግ የለ? እህ… እህ… የሚል ቁልፍ ቢኖረው ነው የምፈልገው።" አሁን መስኮት አውርደው ራሳቸው ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ። ይሠራል ይላሉ፣ ጉንፋን እስካልያዛቸው ድረስ።

በክላክሱ ፍጹም ደስተኛ ሆኖ ያገኘነው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ሲኖ ትራክ የሚነዳው አጎት። የሱ ጥሩንባ በአየር የሚሠራ ነው፣ ፍሬኑ የሚጠቀምበት የታመቀ አየር ነው የሚነፋው። "ስነፋ መንገዱ ይከፈታል፣ ምን እፈልጋለሁ?" አለን። እውነቱን ነው። ግን ያን የሚያክል ቀይ መኪና ባይነፋስ ማን ሳያየው ይቀራል? "ሞተረኛ ከጎንህ ሆኖ ሲነፋልህ ትሰማዋለህ ወይ?" አልነው።

"የትኛው ሞተረኛ?" አለ።

ቀልድ አልነበረም። መስኮቱ ተዘግቷል፣ ናፍጣው ይጮሃል፣ ካሴቱ ተከፍቷል (ፍላሽ ነው እንጂ ካሴት ከቀረ ቆይቷል፣ እሱ ግን ካሴት ነው የሚለው)። የሞተር ክላክስ እዚያ ከፍታ ላይ አይደርስም።

ጓደኛችን ግን ከነዚያ ሞተረኞች አንዱ ነው። አዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ ሞተር ስታግድ ወራት ቁጭ ብሎ፣ በኋላ ፈቃድ አውጥቶ የተመለሰ ልጅ ነው፤ ምግብና ዕቃ ያደርሳል። ባለፈው ክረምት ቃሊቲ አካባቢ አንድ የጭነት መኪና ምልክት ሳያሳይ ወደሱ መስመር ገባበት። ነፋ። ደጋግሞ ነፋ። የሰማው የለም። በመጨረሻ ሞተሩን ጠርዙ ላይ ጥሎ ነው የተረፈው፤ የቀኝ ጫማው ግማሽ ሶል የለውም፣ ለማስታወሻ አስቀምጦታል። ክላክሱ ሥራውን ሠርቷል፣ እኛ አብረን ሞክረነዋል፤ ድምፁ የጫጩት ነው እንጂ።

በሳምንቱ ሶማሌ ተራ ሄዶ የመኪና ክላክስ ገዛ፣ ጥንዱን፣ አንዱ ቀጭን አንዱ ወፍራም ድምፅ ያለውን። ከሪሌ ጋር አስገጠመው። አሁን ሲነፋ ቪትዝ የመጣች ይመስላል፤ ሰው ዞር ይላል፣ መንገድ ይለቃል። ደስ ብሎት ነበር፣ እስኪመሽ ድረስ። የመኪና ክላክስ ኤሌክትሪክ የሚስበው ከሞተሩ ክላክስ በብዙ እጥፍ ነው፤ የሞተሩ ባትሪ ደግሞ ትንሽዬ ናት። ማታ መብራት ላይ ቆሞ ሲነፋ የፊት መብራቱ ይደበዝዛል። "ወይ ልታይ ወይ ልሰማ ነው፣ ሁለቱን አንድ ላይ አልተፈቀደልኝም" ይላል።

እኛ ደግሞ ባጃጅን የላከችልን የህንድን ጉድ ነገርነው። ሙምባይ ፖሊስ እ.ኤ.አ. በ2020 መጀመሪያ ያስተዋወቀው የትራፊክ መብራት ነበር፤ ቆመው የሚጠብቁት መኪኖች ጩኸት ከ85 ዴሲቤል ካለፈ ቀዩ እንደገና ከመጀመሪያው ይቆጥር ነበር። የነፋህ እንደሆነ ሁላችሁም ትቆያላችሁ ማለት ነው። እኛ በጣም ወደድነው። መገናኛ ቢገጠም ግን እስከ ጥምቀት እዚያው የምንከርም ይመስለናል። ጓደኛችን ሰምቶ ሲያበቃ "ሌላው ዝም ካለማ የድሮው ጫጩቱም ይበቃኝ ነበር" አለ።

ሌላው ዝም እስኪል ግን መፍትሔ መፈለግ አለበት። ኤል ኢ ዲ አምፖል ከድሮው አምፖል በጣም ያነሰ ኤሌክትሪክ ስለሚስብ የፊት መብራቱን ቢቀይረው ባትሪው ትንሽ ይተነፍሳል፤ መካኒኩም እንደዚያው ብሎታል። ደመወዝ ስንቀበል አዋጥተን ልንገዛለት ተስማምተናል። ቅዳሜ ሶማሌ ተራ እንሄዳለን፣ በታክሲ።