ሁለት እማሆዮች

እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ኢየሩሳሌም ላይ ያረፉት መጋቢት 17 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው። ዕለቱ እሑድ ነበር፤ ዐቢይ ጾም ከተጋመሰ በኋላ የሚመጣው የገብር ኄር እሑድ። መክሊቱን ሳይቀብር ነግዶ ያተረፈው ታማኝ አገልጋይ የሚነሣበት ቀን ነው። ለ99 ዓመቷ ፒያኖ ደርዳሪ መነኩሲት ከዚህ የሚስማማ ዕለት ከየት ይመጣል?

እኔን ያን ቀን ትዝ ያሉኝ ግን ሌላ እማሆይ ናቸው፤ ዋግ፣ ሰቆጣ ላይ ያሳደጉኝ አያቴ። ፒያኖ በዐይናቸው አይተው አያውቁም። ባላቸውን ቀብረው፣ ልጆቻቸውን ድረው ሲያበቁ እንደ ብዙዎቹ የአገሩ ባልቴቶች ቆብ ደፉ። ከዚያ ወዲያ ጎረቤቱም የልጅ ልጁም «እማሆይ» ይላቸው ጀመር፤ እኔም «አንቺ» ማለቴ ቀርቶ «እርስዎ» ሆነ። አፌ እስኪቀና ድረስ ስንቴ ተቆነጠጥኩ!

ሁለቱ እኩዮች ነበሩ ማለት ይቻላል። እማሆይ ጽጌ ማርያም ታኅሣሥ 1916 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተወለዱ፤ የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጅ ናቸው። በስድስት ዓመታቸው ከእኅታቸው ከስንዱ ገብሩ ጋር ስዊዘርላንድ ለትምህርት ተላኩ፤ ከሙዚቃ ጋር የተዋወቁትም እዚያ ነው። ጣሊያን አገር ሲይዝ ከነቤተሰባቸው ተግዘው አዚናራ ደሴት ላይ ታሰሩ። በዚያው የጠላት ዘመን፣ በ1930 ዓ.ም. መባቻ፣ የዋጉ አርበኛ ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ ተገድለው አንገታቸው ተቆረጠ። አያቴ ያኔ ገና ልጅ ነበሩ። ነገሩ በተነሣ ቁጥር እንዝርታቸውን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ዝም ይላሉ፤ ወሬው ሲያልፍ ፈተላቸውን ይቀጥላሉ። አንድም ቀን ተርከውልኝ አያውቁም።

የእማሆይ ጽጌ ማርያምን ምነና የወለደው ቁጭት ነው። ካይሮ ላይ ከፖላንዳዊው ቫዮሊን አስተማሪ ከኮንቶሮቪች ዘንድ ተምረው፣ ለንደን የሚማሩበትን ዕድል አግኝተው ሳለ መሄዱ ተከለከለ። እህል አልቀምስ አሉ፤ ሊሞቱ ነው ተብሎ ሥጋ ወደሙ ተቀበሉ። ከዚያ በወጣትነታቸው ግሸን ማርያም ገብተው አሥር ዓመት ያህል በባዶ እግራቸው ኖሩ። ፒያኖ የለ፣ ጫማ የለ። ግሸን ያለችው አምባሰል ውስጥ መሆኗን ልብ ይሏል፤ ከአራቱ ቅኝቶቻችን አንዱ ስሙን የወሰደበት አገር። መነኩሲቷ ሙዚቃን ትተው የሸሹት ወደ ቅኝቱ ቤት ነበር።

አያቴም ለመስከረም 21 ንግሥ በላስታ በኩል አቋርጠው ግሸንን ተሳልመዋል። የዋግ ሰው ርቀት አያስፈራውም። ከሰቆጣ ወጣ ብሎ ውቅሮ መስቀለ ክርስቶስን የመሰለ ከዓለት የተፈለፈለ ደብር እያለው ሌላ ታቦት ፍለጋ ስንት ቀን ይጓዛል።

የሁለቱን ሴቶች ነገር አንድ ያደረገብኝ ግን ማሕሌት ነው። ማሕሌት የወንድ ነው። ጸናጽሉን የሚያንሿሿው፣ በመቋሚያው የሚዘመው መሪጌታና ደብተራ ነው፤ የሴቶች ድርሻ በሴቶች በኩል ቆሞ መስማት ነው። አያቴ ፊደል አልቆጠሩም። ሆኖም ሌሊቱን ቆመው ሲሰሙ ኖረው፣ ግዕዙንና ዕዝሉን ከአራራዩ በጆሯቸው ይለዩ ነበር። አንድ ሰው ዜማ ከሳተ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ ያደርጋሉ፤ ያን ካየሁ እኔም ስሕተት እንዳለ አውቅ ነበር። ነሐሴ ላይ ሻደይ ሲደርስ ልጃገረዶቹ ቅጠሉን ወገባቸው ላይ አስረው ሲጨፍሩ፣ እሳቸው ቆብ ደፍተዋልና ደጃፍ ተቀምጠው በአገውኛ መመረቅ ብቻ ነው። ዜማ የቀራቸው በጣታቸው ነበር፦ መቁጠሪያ እየገፉ 41 ጊዜ እግዚኦ ሲሉ፣ ቃሉ በጉሮሯቸው ውስጥ ወደ ማንጎራጎር ይሄዳል።

እማሆይ ጽጌ ማርያምም ጎንደር ሳሉ የቅዱስ ያሬድን ዜማ አጠኑ። ለምድ ለብሰው፣ አኩፋዳ አንግተው፣ ቁራሽ ለምነው የሚማሩትን የቆሎ ተማሪዎች አይተው አዘኑ። የምሰጠው ገንዘብ የለኝም፣ ያለኝ ሙዚቃ ነው ብለው በ1950ዎቹ ጀርመን አገር ሸክላ አስቀረጹ፤ ገቢውም ለችግረኛ ሆነ። የውጭ ጋዜጠኞች ሥራቸውን ከብሉዝና ከጃዝ ጎን ሲያስቀምጡት አልጣላም፤ እኔ ግን የምሰማው ቅኔ ማሕሌት ያልገባች ሴት ስትዘም ነው። ያ ግራ እጅ እንደ ከበሮ ረገጥ ይላል፣ ቀኙ እንደ መሪጌታ ድምፅ ይንቀጠቀጣል። ለቆሎ ተማሪ ሲሆን አያቴም መክሊት ነበራቸው፤ «በእንተ ስማ ለማርያም» የሚል ድምፅ ከአጥር ውጭ ሲሰማ ከምጣዱ ላይ የወጣችው የመጀመሪያዋ እንጀራ የእኛ አልነበረችም።

በ1976 ዓ.ም. እማሆይ ጽጌ ማርያም ኢየሩሳሌም ገብተው በኢትዮጵያ ገዳም፣ ደብረ ገነት፣ ቀሩ። ወዲያው የ77ቱ ድርቅ ዋግን መታ፤ ሕዝቡ በእግሩ ወደ ኮረም ጎረፈ። አያቴ ንቅንቅ አላሉም። እንዴት እንደተረፉ ስጠይቃቸው «በማርያም» ይላሉ፤ ሌላ መልስ የለም።

በ1998 ዓ.ም. የእማሆይ ጽጌ ማርያም ሥራዎች ኢትዮፒክስ በተባለው ተከታታይ 21ኛ ቅጽ ሆነው ሲወጡ፣ ሲዲውን ይዤ አያቴ ዘንድ ሄድኩ። ወቅቱ ሑዳዴ ነበር። ገና ሁለት ሦስት ድምፅ እንደሰሙ፣

«ልጄ፣ በጾም ዘፈን ታሰማኛለህ?» አሉኝ።

«መነኩሲት ናቸው እኮ እማሆይ። እንደ እርስዎ።»

መቁጠሪያቸውን ያዙና ጆሯቸውን አዘነበሉ። ቆይተው፣

«ማን ሞቶባቸው ነው?»

ጣሊያን ከቤተሰባቸው የገደላቸው እንዳሉ ነገርኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። ግሸን ላይ አሥር ዓመት በባዶ እግራቸው መኖራቸውን ስጨምር ግን ተገረሙ።

«አሥር ዓመት? እኔ ለአንድ ንግሥ ወጥቼ ወር ሙሉ እግሬን በቅቤ ስታሽ ነበር።» ከዚያ እጃቸውን ወደ ማጫወቻው ጠቆም አደረጉ። «በል ድገመው። ለነፍስ አባቴ ግን እንዳትነግር።»