ለትንሿ ጃርት የተከፈተ ቀዳዳ

አንባቢ ሆይ፣ «ጃርት» የሚለውን ቃል ስትሰማ በሐሳብህ የሚመጣው ድንቹንና በቆሎውን በሌሊት እያጠፋ ገበሬውን የሚያስመርረው፣ እሾኹ እንደ ወስፌ የረዘመው አውሬ ሳይሆን አይቀርም። እኔ የማጫውትህ ግን በብሪታንያ ስለምትኖረው፣ ክብደቷ ከአንድ ኪሎ ግራም ብዙም ስለማይርቀው፣ እሾኋ አጭርና ጥቅጥቅ ስላለው ስለ ሌላይቱ ነው። አማርኛችን ሁለቱን በአንድ ስም ይጥራቸው እንጂ የቅርብ ዝምድና የላቸውም። እንግሊዞች ይህችኛዋን የሚጠሩበት ስም «የአጥር አሳማ» እንደ ማለት ነው፤ በቁጥቋጦ አጥር ሥር እያሽተተችና እያጉረመረመች ምግቧን ስለምትፈልግ ስሙ ይስማማታል።

ጠላት ሲመጣባት ተጠቅልላ የእሾህ ኳስ ትሆናለች። ይህ ብልሃት አብዛኛውን ጊዜ ቀበሮን ይመልሳል፤ መኪናን ግን አይመልስም። በገጠሩም ማሳ ለማስፋት ሲባል የቁጥቋጦው አጥር ተመንጥሯል፤ ምግቧ የሆኑት ጢንዚዛና አባጨጓሬ በፀረ ተባይ መድኃኒት ተመናምነዋል። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ ዘገባ፣ ከ2000 ወዲህ በገጠር ያሉት ጃርቶች ቁጥር እንደየአካባቢው ከ30 እስከ 75 በመቶ መቀነሱን ገልጿል።

እጅግ የሚያስደንቀኝ የከተማው ጉዳይ ነው። ጃርቷ ምግብ ፍለጋ በአንድ ሌሊት ከአንድ እስከ ሁለት ኪሎ ሜትር ስለምትጓዝ፣ አንድ ግቢ ምንም ያህል ቢለመልም አይበቃትም። አጥሩ ግን በየቤቱ ድፍን ነው። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ2011 ሁለት የእንስሳት ጥበቃ ማኅበራት፣ ነዋሪዎች በአጥራቸው ግርጌ ወርዷም ቁመቷም 13 ሳንቲ ሜትር የሆነች ቀዳዳ እንዲከፍቱ ይቀሰቅሱ ጀመር። ከስንዝር የምታንስ ቀዳዳ! ይሁን እንጂ ጎረቤት ካልከፈተ የአንዱ መክፈት ብዙ አይረባም። በበኩሌ ከሥራው ሁሉ የሚከብደው አጥሩን መብሳቱ ሳይሆን የጎረቤትን ደጅ ማንኳኳቱ ይመስለኛል። ያው ዘገባ በከተማ መቀነሱ ጋብ ብሎ የማገገም ምልክት መታየቱን ጽፏል፤ ምክንያቱ ቀዳዳው ብቻ ነው ማለቴ ግን አይደለም።

ሌላው እርዳታ ቀላል ነው። ውኃ በዝርግ ሳህን ይቀመጥላታል፤ ወተት ግን ሆዷን ስለሚያውከው አይሰጣትም። የረገፈ ቅጠል በግቢው ጥግ ቢተውላት ክረምቱን ተኝታ ታሳልፍበታለች። የተከመረ እንጨትም መኝታ ይመስላታል። እንግሊዞች ደግሞ በየዓመቱ ኖቬምበር 5 ቀን ማታ እንደ ደመራ የከመሩትን እንጨት ያቃጥላሉ። ስለዚህ ክምሩን በዚያው ዕለት እንዲሠሩት፣ አስቀድሞ የተከመረ ከሆነም ከመለኮሳቸው በፊት ሥሩን በባትሪ መብራት እንዲፈትሹ ይመከራሉ።