ለአማቴ የሠራናት ሰርቪስ ቤት

አማቴ ከገጠር ወጥተው ደጀን ከተማ ወደ ቤታችን የመጡት በ2011 ዓ.ም. ጥምቀት ካለፈ በኋላ ነበር። ባላቸውን ቀብረዋል፤ ዓይናቸው ደክሟል፤ ምንጭ ወርዶ ውኃ መቅዳት አቅቷቸዋል። ባለቤቴ የበኩር ልጃቸው ነውና አንድ ማታ እራት ላይ፣ «እናቴን አመጣታለሁ» አለኝ። «እናምጣት ወይ?» አላለኝም። እኔም በአፌ «ይምጡ እንጂ» አልሁ፤ በልቤ ግን ሌላ ነገር እያሰብሁ ነበር።

ቤታችን አንድ ሳሎንና ሁለት መኝታ ክፍል ናት። ሦስት ልጆች አሉን። ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚያልፉ አገልጋዮች የዓባይን በረሃ አቋርጠው ሲመሹብን ሳሎናችን ላይ ፍራሽ ይዘረጋል። እውነቱን ለመናገር የጨነቀኝ የቤቱ ጥበት ብቻ አልነበረም። አማቴ ኦርቶዶክስ ናቸው። ልጃቸው ጌታን በተቀበለ ጊዜ ብዙ ዓመት አኩርፈውት ነበር፤ እኔን ደግሞ ልጃቸውን የወሰደች አድርገው ያዩኝ ነበር። አሁን በአንድ ጣራ ሥር፣ በአንድ ማድ ቤት ልንኖር ነው።

በመጡ በሳምንቱ፣ ቡና እየጠጣን ሳለ እሳቸው ራሳቸው ነገሩን አነሡት። «ልጄ፣ እኔ ጾሜን አልተውም፤ እናንተም መብላታችሁን አትተዉም። በአንድ ድስት አንጣላ። ከጓሮ አንዲት ጎጆ ቀልሱልኝ። በራሴ በር ልግባ፣ በራሴ በር ልውጣ። አጠገባችሁ ልሁን እንጂ ውስጣችሁ አልሁን» አሉ። እንዴት ደስ እንዳለኝ! ደስታዬ ግን ለእሳቸው አልነበረም፤ ለራሴ ነበር።

«ሰርቪስ እኮ ነው፤ ማን ይጠይቃችኋል?»

በአገራችን ሰርቪስ ቤት የሌለው ግቢ ጥቂት ነው። ከዋናው ቤት ጀርባ የምትሠራው ይህች ቤት ማድ ቤት ትሆናለች፤ የሠራተኛ ማደሪያ ትሆናለች፤ ለተማሪ ትከራያለች፤ አዲስ ያገባ ልጅ ይገባባታል፤ ያረጀች እናት ታርፍባታለች። በውጭም ያው ነው። አውስትራሊያውያን እንዲህ ያለችውን የጓሮ ቤት በአያት ስም ይጠሯታል። በአሜሪካዋ ካሊፎርኒያ ደግሞ ለቤት እጥረት መፍትሔ እንድትሆን ብለው ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የፈቃዱን ሕግ አቅልለዋል። ለወላጅ ቦታ መፈለግ የእኛ ቤት ጥያቄ ብቻ አይደለም ማለት ነው።

ከምእመናን መካከል ግንበኛ የሆነ ወንድም አለን። ቦታችንን አየና፣ «ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት ናት። ዓርብ ማታ ከጀመርን ሰኞ ጠዋት ቆርቆሮ ትለብሳለች። ሰርቪስ እኮ ነው፤ ማን ይጠይቃችኋል?» አለን። ባለቤቴ ጥቂት አሰበና፣ «ፈቃድ አያስፈልገውም ወይ?» አለ። መልስ የሰጠሁት እኔ ነኝ። «ፈቃድ እስኪመጣ ክረምት ይገባል። እናትህ እስከዚያ ሳሎን ላይ ይተኙ?» አልሁት። በእናቱ ስም ስጠይቀው እምቢ ማለት እንደማይችል አውቅ ነበር።

አዲስ አበባ ላይ በአንድ ሌሊት የምትበቅለውን ቤት «ጨረቃ ቤት» ይሏታል። እኛም ይህን ስም እየጠራን የምንስቅ ሰዎች ነበርን። በዚያ ዓርብ ማታ ግን እኔ ባትሪ ይዤ፣ ባለቤቴ የባሕር ዛፍ ቋሚ ይዞ፣ ያ ወንድም ምስማር ሲመታ አመሸን። ቅዳሜ ማገሩ አለቀ። እሑድ ጠዋት በጥፍራችን ውስጥ ጭቃ እንዳለ ወደ አምልኮ ሄድን። ከሰዓት በኋላ ቆርቆሮው ተመታ።

ሰኞ ዕለት ከማዘጋጃ ቤት ሁለት ሰዎች መጡ። አልተቆጡም፤ አልሰደቡም። ዞረው አዩና ግንባታውን እንድናቆም የሚያዝ ደብዳቤ ሰጡን። መስኮታችን የጎረቤታችንን ጓሮ በቀጥታ ያያል። የጣራችን ክፈፍ ከአጥሩ አልፎ ወጥቷል፤ ዝናብ ቢጥል ውኃው የሚወርደው በእሳቸው ጎመን ላይ ነው። መሠረቱም በደንብ አልወረደም።

ያልሰላምኋቸው ጎረቤት

የሚያዋስኑን ጎረቤት በዕድሜ የገፉ እናት ናቸው፤ እትዬ ነው የምላቸው። ወዲያው፣ «የከሰሱን እሳቸው ናቸው» አልሁ። «ጴንጤዎች ናቸው ብለው ነው» ብዬ ለባለቤቴም ነገርሁት። ሳምንት ሙሉ አልሰላምኋቸውም። ቡና ሲጠሩኝም ሥራ በዛብኝ ብዬ ቀረሁ።

በሳምንቱ መጨረሻ አማቴ ከእትዬ ቤት ቡና ጠጥተው ተመለሱ። እኔ ሳኮርፍ እሳቸው ወዳጅ አበጅተዋል። «ሴትዮዋ ምን አሉሽ?» አልኋቸው በቁጣ። «ኧረ ልጄ፣ ለእነዚያ ሰዎች ‹አማታቸውን ሊያሳርፉ ብለው ነው፤ አትጨክኑባቸው› ብለው የለመኑላችሁ እሳቸው ናቸው። ደግሞስ ሦስት ቀን ሙሉ ምስማር ስትመቱ ከተማው አልሰማም ብለሽ ነው?» አሉኝ።

ወደ መኝታ ቤት ገብቼ በሩን ዘጋሁ። በመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ባልንጀራን ስለ መውደድ ጽሑፍ ጽፌ ጥሩ ውጤት አግኝቼ ነበር። እዚህ ግን በባልንጀራዬ ጓሮ ላይ መስኮት ከፍቼ፣ ጣራዬን አሳልፌ፣ ደግሞ እኔው አኩርፌአለሁ! እግዚአብሔር በሕጉ የባልንጀራን የድንበር ምልክት ማንሣትን ምን ያህል እንደሚጠላ (ዘዳ. 27፥17) በቃሌ አውቀው ነበር። የጣራ ክፈፍም ድንበር ሊያልፍ እንደሚችል ግን አላሰብሁም።

በዚያው ማታ ወደ እትዬ ቤት ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁ። በቀጣዩ እሑድም ባለቤቴ መድረክ ላይ ቆሞ ያዘጋጀውን ስብከት ተወና፣ «ወገኖች፣ እኔና ቤቴ የከተማችንን ሕግ ጥሰናል። እናንተን ለባለ ሥልጣን ተገዙ እያልሁ እኔ በሌሊት ሠርቻለሁ» ብሎ ተናገረ። እኔ አንገቴን ደፋሁ። ያ ግንበኛ ወንድም ከኋላ ተነሥቶ፣ «ምክሩ የእኔ ነበር» አለ። እኔም መቀመጥ አቃተኝና፣ «ቸኩሎ ያስቸኮለው አፌ ነው» አልሁ። ከዚያ ወዲህ በምእመናን ዘንድ የተናቅን መስሎን ነበር። ነገር ግን በዚያው ሳምንት ሦስት ባልና ሚስት የራሳቸውን የተደበቀ ነገር ይዘው ለምክር መጡ።

ሕጉ ምን ይል ነበር?

ሥራውን አፍርሰን እንደ ገና ስንጀምር ባለቤቴ ሕጉን ፈልጎ አነበበ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ሕንጻ አዋጅ ቁጥር 624 ሕንጻዎችን በሦስት ምድብ ከፍሎ ነበር። ምድብ «ሀ» እንደ እኛ ያሉትን ባለ አንድ ወለል መኖሪያ ቤቶች የያዘ ነው። ምድብ «ለ» ከፍ ያሉትን፣ ምድብ «ሐ» ደግሞ ሕዝብ የሚገለገልባቸውን ሕንጻዎች፣ ፋብሪካዎችንና ከ12 ሜትር በላይ ከፍታ ያላቸውን ያካተተ ነው። ለካ «ሰርቪስ እኮ ነው» የሚባል ምድብ የለም! አዲስ መሥራት ብቻ ሳይሆን ያለውን ማስፋፋትና ማሻሻልም ፈቃድ ይጠይቅ ነበር።

አካሄዱ እንደ ፈራሁት አልነበረም። የይዞታ ማረጋገጫችንን ይዘን ሄድን። በቅድሚያ የፕላን ስምምነት ተጠየቀ፤ ይህም በዚያ ቦታ እንዲህ ያለ ቤት መሥራት ከከተማው ፕላን ጋር ይስማማል ወይስ አይስማማም የሚለው ነው። ከዚያ ንድፉ ገባ። ወሰኑ ተለካ። ፈቃዱ ከተሰጠም በኋላ ሥራ ስንጀምር ማሳወቅ ነበረብን።

ይህን ሁሉ ሳይ የነህምያ ነገር ትዝ አለኝ። ነህምያ ለኢየሩሳሌም ቅጥር ያለቀሰና የጾመ ሰው ነው። ሆኖም ጸልዮ ሲያበቃ በሌሊት ወጥቶ መሥራት አልጀመረም። ከንጉሡ ፊት ቆሞ ለወንዝ ማዶ ገዦች ደብዳቤ ለመነ፤ ለደን ጠባቂው ለአሳፍም እንጨት እንዲሰጠው የሚያዝ ደብዳቤ አስጻፈ (ነህ. 2፥7-8)። የጸሎት ሰው የፈቃድም ሰው ነበረ። ኦሪት ዘዳግም 22፥8ም አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው፣ ማንም ወድቆ ደሙ በቤቱ ላይ እንዳይሆን በጣራው ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ያዝዛል። የሕንጻ ሕግ የሰው ነፍስ ጥበቃ ነው ማለት ነው።

ይህን በዓይናችን አየነው። የደጀንና የአካባቢው መሬት በብዙ ስፍራ ዋልካ ነው፤ ለጤፉ በረከት፣ ለቤት ግን ፈተና ነው። በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ በላዩ ያለውን ግድግዳም አብሮ ይሰነጥቃል። መሠረቱን ያየው ባለሙያ፣ «ይህን ጥቁር አፈር አውጡና ጠንካራው ጋ ውረዱ፤ ከዚያ በገረጋንቲ ሙሉትና ጠቅጥቁት» አለን። በባትሪ ብርሃን የቆፈርነው ጉድጓድ ጉልበት እንኳ አይደርስም ነበር። አማቴ በዚያ ግድግዳ ሥር ተኝተው ቢሆን ኖሮ ብዬ ሳስብ ዛሬም ይዘገንነኛል።

እትዬና ሜትሩ

ወሰን ሊለካ ሜትር የተዘረጋ ዕለት እትዬ አጥራቸውን ይዘው ቆሙ፤ እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። ምክንያቱን በኋላ ነገሩኝ። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 ሲወጣ ልጅ ነበሩ። አዋጁ ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ብቻ ፈቀደ፤ ለመኖሪያ ቤት የሚሰጠውም ቦታ ከ500 ካሬ ሜትር እንዳይበልጥ ወሰነ። አባታቸው ደብረ ማርቆስ ላይ የሚያከራዩዋቸው ሁለት ክፍሎች ነበሯቸው፤ ተወረሱ። «ከዚያ ወዲህ ሜትር የያዘ ሰው ሳይ የሚወስድብኝ ይመስለኛል» አሉኝ።

አማቴም እኔም ከጎናቸው ቆመን ልኬቱን አብረን አየን። ወሰናቸው ያለበት ሆነ። መስኮታችን ወደ ራሳችን ግቢ ዞረ፤ ጣራችንም ወደ ውስጥ ገባ፤ አሸንዳ ተደርጎለት ውኃው በእኛ በኩል ወረደ። እትዬ በዚያ ዕለት ቡና አፈሉ። ስንመርቅ እሳቸው በራሳቸው ሥርዓት መረቁ፣ እኛም በጌታ ስም ጸለይን፤ ሁሉም «አሜን» አለ።

ቤቷ በግንቦት መጨረሻ ተልስና አለቀች። እኔ እንዲያ የፈራሁት ክረምት ገና አልገባም ነበር!

ከሁሉ ያስተማረኝ ግን ያ የጥበቃ ጊዜ ነው። ፈቃዱን ስንጠብቅ ሁዳዴ ገባ። አማቴ ሳሎን እየተኙ፣ ሽሯቸውን በእኔ ማድ ቤት እየሠሩ ከረሙ። መጀመሪያ ተጨናነቅን። አንድ ቀን ግን ለእሳቸው ለብቻው ድስት ገዛሁና፣ «ይህ ቅባት ያልነካው ነው፤ ማንም አይነካብዎትም» አልኋቸው። ድስቱን ተቀብለው ቆዩና፣ «ልጄን ወሰድሽብኝ ብዬ ነበር፤ ለካ ልጅ ጨምረሽልኛል» አሉኝ። ያቺን ቤት በሦስት ቀን አቁመን ቢሆን ኖሮ ይህን ቃል አልሰማውም ነበር። ሰርቪሷን የፈለግሁት እሳቸውን ከዓይኔ ለማራቅ ነበርና።

የሱነማዊቷ ክፍል

አማቴ በዚያች ቤት ሦስት ዓመት ኖሩ። በራሳቸው በር ገቡ፣ በራሳቸው በር ወጡ። ማታ ማታ ግን በእኛ በር ይገቡ ነበር፤ ልጆቻችን መጽሐፍ ቅዱስ ሲያነቡላቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰሙ ነበር። በ2014 ዓ.ም. አረፉ። በፈቃዳቸው መሠረት በቤተ ክርስቲያናቸው ተቀበሩ፤ እትዬ ከእኔ ጎን ቆመው አለቀሱ።

አሁን በዚያች ክፍል የሚያድሩት በመንገድ የሚመሽባቸው አገልጋዮች ናቸው። ሱነማዊቷ ሴት ለኤልሳዕ ትንሽ ሰገነት ልትሠራለት ስትፈልግ ዝም ብላ ግንበኛ አልጠራችም፤ አስቀድማ ከባሏ ጋር ተመካከረች (2ኛ ነገ. 4፥8-10)። ከዚያ በኋላ ነው አልጋው፣ ጠረጴዛው፣ ወንበሩና መቅረዙ የገቡት። እኛ ቤት «አመጣታለሁ» ብሎ የጀመረው ባለቤቴ፣ «ክረምት ይገባል» ብዬ የጨረስሁት እኔ፣ ሁለታችንም ምክክሩን ዘልለነው ነበር።

ውድ ባለትዳሮች፣ ወላጅ ወደ ቤታችሁ ለማምጣት የምታስቡ ብትኖሩ ከልምዳችን ይህን ልንገራችሁ። ጉድጓድ ከመቆፈራችሁ በፊት ሁለታችሁ ተቀመጡና ልባችሁን ተነጋገሩ፤ ቤቷን የምትሠሩት ለማቅረብ ነው ወይስ ለማራቅ? የሚገቡባትን ሰው ራሳቸውን ጠይቋቸው። የሚያዋስናችሁን ጎረቤት አስቀድማችሁ ንገሩት። ማዘጋጃ ቤትም ሂዱ፤ ሕግ ይሻሻላልና ዛሬ የሚጠየቀውን እዚያው ጠይቁ። ወጪውን ስትቆጥሩ የፈቃዱንና የመሠረቱን አብራችሁ ቁጠሩ (ሉቃ. 14፥28)።

ትናንት ማታ ከባሕር ዳር የሚመጡ ባልና ሚስት አገልጋዮች አድረውባት ነበር። ጠዋት ቡና ስቀዳላቸው ሚስቲቱ፣ «እንዴት ያለ ጥሩ እንቅልፍ ተኛን! ማን ነበር የሚኖርባት?» አለችኝ። «እናቴ» አልኋት።