ባሌስትራን ከፌሮ የለዩልኝ ሰዎች

ባደግሁበት በሐረርጌው ቦኬ ብረት አይጣልም ነበር። ዳዶ የጠፋበት ቡሎን፣ የተሰበረ ልጓም፣ አፉ የዶለዶመ መጥረቢያ፣ ጥርሱ ያለቀ ማጭድ፣ ሁሉም ጓዳ ጥግ ተቀምጦ ቀኑን ይጠብቃል። ብረት ከሩቅ የሚመጣ ዕቃ ነው። ባቡሩ የሚያልፈው ቆላ ቆላውን፣ በሚኤሶ በኩል ነው፤ ከጭሮ ወደ እኛ የሚመጣው የመኪና መንገድም ጎማ የሚበላ፣ ባሌስትራ የሚሰብር ነበር። እኛ ልጆቹ ግን መንገዱ ሲከፋ ደስ ይለናል። ኤንትሬ የጭነት መኪና ባሌስትራ ሰበረ ማለት ቱምቱው ቤት ሥራ አለ ማለት ነው፤ ቱምቱው ቤት ሥራ ካለ ደግሞ ወናፍ የሚነፋ ልጅ ይፈለጋል።

ቱምቱ በእኛ አገር ብረት ቀጥቃጩ ነው። እኔ የማውቃቸው ሽማግሌ ነበሩ፤ ቤታቸው ከሰፈሩ ፈንጠር ብሎ የተሠራ፣ «ኦቦ» ብቻ ብለን የምንጠራቸው። እናቴ ወደዚያ ባልሄድ ትመርጥ ነበር። ቀጥቃጭ ዓይኑ አያምርም ይባል ነበር፤ ከእሱ ጋር መጋባት የሚታሰብ አልነበረም። እርሻ ሊጀመር ሲል ግን ያው ሰፈር ማረሻውንና የዶንጎራውን ጫፍ ተሸክሞ ደጃቸው ይሰለፋል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጅን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነግረዋል፤ አዋጁ እኛ ሰፈር ሳይደርስ መንገድ ላይ የቀረ ይመስላል።

ዶንጎራ የሐረርጌ ገበሬ አፈር የሚገለብጥበት፣ ጫፉ ብረት የሆነ ረጅም እንጨት ነው። ለጉዛ፣ ማለትም ለደቦ፣ የተጠራሩ ጎረምሶች ጎን ለጎን ተሰልፈው፣ እየዘፈኑ፣ እኩል አንስተው እኩል ይሰኩታል። ያ ጫፍ ለስላሳ ብረት ከሆነ ይታጠፋል፤ ከመጠን በላይ ከጠነከረ ደግሞ ድንጋይ ሲነካ ይሰበራል። የኦቦ ሙያ ያለው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነበር።

ዕቃቸው ጥቂት ነው። ከፍየል ቆዳ የተሰፉ ጥንድ ወናፎች፣ አንዱ ሲነሳ ሌላው እየወረደ እሳቱ ትንፋሽ እንዳያጣ፤ ጥቂት መዶሻ፤ በራሳቸው እጅ የሠሯቸው ጉጠቶች፤ መሮ፤ የውኃ ገንዳ፤ በመስፍ ፈንታ የሚያገለግል የባቡር ሐዲድ ቁራጭ። ሐዲዱን አላጋደሙትም፤ ግንድ ፈልፍለው አቁመው ተክለውታል። ምክንያቱ የገባኝ ዘግይቶ ነው። ሐዲድ ሲቆም ክብደቱ በሙሉ ከመዶሻው ሥር ይውላል፤ ሲጋደም ግን እየነጠረ ጉልበት ይበላል። ዛሬ መስፍ መግዣ የሌለው ሰው ሲያማክረኝ የምነግረው ይህንኑ ነው፦ ከሕጋዊ የቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ ሁለት ስንዝር ያህል ሐዲድ ግዛ፤ ፊቱን አስተካክል፤ ከከባድ ግንድ ጋር አቁመህ እሰረው፤ ከፍታው ቀጥ ብለህ ስትቆም የተጨበጠ እጅህ የሚያርፍበት ይሁን።

ኦቦ አዲስ ብረት ሲመጣላቸው መጀመሪያ ጆሮ ነው የሚሰጡት። በክር አንጠልጥለው በመዶሻ ጫፍ ነካ ያደርጉታል። ባሌስትራ ድምፁ ጠርቶ ይቆያል፤ ለስላሳው ብረት ቶሎ ዝም ይላል። ባሌስትራ ሆኖ ድምፁ የሻከረ እንደሆነ ግን ውስጡ ስንጥቅ አለ ብለው ወዲያ ያስቀምጡታል። ያገለገለ ባሌስትራ ስንጥቁን ደብቆ እንደሚመጣ ያወቅሁት ከእሳቸው ነው፤ ከዚያ ወዲህ ድምፁን ሳልሰማ ገዝቼ አላውቅም።

ኋላ ግራይንደር ያለበት ቤት ስገባ ያ የጆሮ ዕውቀት በዓይን ተደገፈ። የግንባታ ፌሮ የግራይንደሩን ድንጋይ ሲነካ ብልጭታው ረጅምና ቀጥ ያለ ነው፤ ጫፉ ብዙም አይበተንም። የባሌስትራ ብልጭታ መንገድ ላይ እየፈነዳ ቅርንጫፍ ያወጣል። እንደ ሞተር ብሎክ ያለው ካስት ብረት አጭርና ቀላ ያለ ብልጭታ ይሰጣል። ነገሩ የካርቦን ነው። ባሌስትራ ውስጥ 0.6 ከመቶ ገደማ ካርቦን አለ፤ ተራ ፌሮ ብዙውን ጊዜ ከ0.3 ከመቶ አይበልጥም። ስለት የሚይዘውን ከማይዘው የሚለየው ይህች ጥቂት ነገር ናት። ፌሮ አግለው ውኃ ውስጥ ሺህ ጊዜ ቢነክሩት ደህና ቢላ አይወጣውም።

ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ኦቦ ማጭድ ሲያጠነክሩ ማየት ነበር። የሚሠሩት ጥላ ውስጥ ነው፤ ፀሐይ ላይ የጋለ ብረት ቀለሙ ያታልላል። ስለቱ ደማቅ ቀይ ሲሆን ጫፉን ብቻ ውኃ ያስነኩታል። ከዚያ በአሸዋ ድንጋይ ፈጥነው ይፈትጉትና ዝም ብለው ያያሉ። ጀርባው ላይ የቀረው ሙቀት ወደ ስለቱ ሲመለስ ብረቱ ላይ ቀለም ይሄዳል፦ መጀመሪያ የገለባ ቢጫ፣ ቀጥሎ ቡናማ፣ ከዚያ ወይን ጠጅ፣ በመጨረሻ ሰማያዊ። ለማጭድ ቢጫው ላይ ያስቆሙታል፤ ምት ለሚቀበል ለመጥረቢያና ለዶንጎራ ወይን ጠጁ ወይም ሰማያዊው እስኪመጣ ይታገሣሉ። የፈለጉት ቀለም ስለቱ ጋ ሲደርስ ሙሉውን ይነክሩታል። ቢጫው 220 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ፣ ሰማያዊው 300 አካባቢ መሆኑን መጽሐፍ ላይ ሳነብ፣ ኦቦ ያለ ቴርሞሜትር የሚያነቡት ይህንኑ ቁጥር እንደነበር ገባኝ።

ለጀማሪ ሁለት ነገር እጨምራለሁ። ብረቱ ለማጠንከር የደረሰው መቼ እንደሆነ ዓይንህን ካላመንከው ማግኔት አስጠጋ፤ 770 ዲግሪ ገደማ ላይ ማግኔት መያዙን ይተዋል፤ ከዚያ ትንሽ አልፎ ነው የሚነከረው። ሁለተኛ፣ ባሌስትራ ከውኃ ይልቅ ዘይት ይስማማዋል፤ ውኃ በድንገት ስለሚያቀዘቅዘው ሊሰነጥቀው ይችላል። የምግብ ዘይት ይበቃል። ዕቃው ግን ክዳን ያለው የብረት ዕቃ ይሁን፤ ዘይቱ እሳት ከያዘ የሚያጠፋው ክዳኑ ነው፣ ውኃማ ያባብሰዋል።

ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ጭሮ ስገባ ሽማግሌዎቹ ገና አሰበ ተፈሪ ይሏት ነበር። ከትምህርት ቤት መልስ የማልፍበት መንገድ ዳር በርና መስኮት የሚሠራ ብየዳ ቤት ነበር። ቦኬ ብረት በእሳት ለስልሶ በመዶሻ ይሠራል፤ እዚህ ቀዝቃዛውን ይለካሉ፣ ይቆርጣሉ፣ ይሞርዳሉ፣ ይበይዳሉ። ባለቤቱ ጋሼ ቁጡ ሰው ነበሩ። ደጃፉ ላይ መቆሜን ሲለምዱት አንድ ቀን ሞረድ ሰጡኝና ወደ ሞርሳው በአገጫቸው አመለከቱኝ።

ያ ሞረድ ትዕግሥት አስተምሮኛል። ሞረድ የሚቆርጠው ሲገፉት ነው፤ ሲመልሱት ከፍ ማድረግ ያስፈልጋል፣ አለዚያ ጥርሱ ያልቃል። ጥርሱ መሐል የብረት ፍርፋሪ እንዳይሰነቀር ጋሼ ጠመኔ ይቀቡታል። እጀታ የሌለው ሞረድ የያዘ ልጅ ካዩ ይነጥቁታል፤ ጭራው መዳፍ ይበሳል። ሞርሳው ከክርን እኩል ከፍታ ላይ የታሰረ ነበር፤ ከዚያ ዝቅ ካለ ወገብ ያማል፣ ከፍ ካለ ጉልበት ይጠፋል። የሰጌቶው ምላጭ ጥርሱ ወደ ፊት ይታሰራል። በአንድ ኢንች 18፣ 24 እና 32 ጥርስ ያላቸው ምላጮች አሉ፤ ለወፍራሙ ብረት 18፣ ለላሜራና ለስስ ቱቦላሬ 32። ምንጊዜም ቢያንስ ሦስት ጥርስ ብረቱ ላይ ማረፍ አለበት፤ ካልሆነ ስሱ ብረት ጥርሱን ያረግፈዋል። በትራፓኖ ሲበሱ ደግሞ ቦታውን አስቀድመው በሹል ብረት ነጥብ ይመቱታል፣ ፑንታው እንዳይንሸራተት፤ ዘይት ጠብ ያደርጋሉ፤ ብረቱ ሲጮህባቸው ፑንታው ደንዟል ብለው ያስሉታል እንጂ በላዩ አይተኙበትም።

ብየዳው የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ጋሼ ዝገትና ቀለም ያልተጠረገ ብረት አይበይዱም። የመስኮቱን ፍሬም አራት ማዕዘን ነጥብ ነጥብ አድርገው ካያያዙ በኋላ በስኳድራ ያረጋግጣሉ፤ ከዚያ አንዱን ማዕዘን ትንሽ በይደው ወደ ተቃራኒው ይሻገራሉ። በአንድ ወገን ብቻ የተበየደ ብረት ሲቀዘቅዝ ወደዚያው ይስባል፤ የተጣመመ መስኮት ብዙውን ጊዜ የሚወለደው ከዚህ ነው። ለቤት ሥራ 2.5 ሚሊ ሜትር ኤሌክትሮድ በ70 እና በ90 አምፔር መካከል አብዛኛውን ነገር ይሠራል። ኤሌክትሮድ እርጥበት ይጠላል፤ በደንብ የሚዘጋ ዕቃ ውስጥ ማኖር ነው።

በያጆቹ ጋልቫናይዝድ ቧንቧ ሲበይዱ ውለው ማታ ብርድ ብርድ ሲላቸው ወተት ይጠጡ ነበር። ያ ብርድ ዚንኩ ሲቃጠል ከሚወጣው ነጭ ጭስ የሚመጣ ትኩሳት ነው። ወተት አያድነውም፤ የሚያድነው ዚንኩን ቀድሞ ፍቆ ማንሳት፣ ደጅ መሥራትና ከጭሱ ፊትን ማዞር ነው። ዓይንም እንዲሁ። የፀሐይ መነጽር የብየዳ መነጽር አይደለም፤ ቁጥሩ 10 ወይም 11 የሆነ የብየዳ መስታወት ያስፈልጋል።

አዲስ አበባ ስገባ መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ሁለተኛ ቦኬ ሆነችልኝ። የመዶሻው ጩኸት ከሩቅ ይቀበላል፤ በርሜል ምድጃ ይሆናል፣ ፌሮ ይቃናል፣ ምንም አይጣልም። አሮጌ ዕቃ መግዛት የሚፈልግ ሰው እዚያ ዓይኑን ይሥላል። ሞረድ ስትገዛ ወደ ብርሃን አዙረህ እይ፤ የጥርሱ ጫፍ ነጭ መስመር ሠርቶ ካብለጨለጨ አልቋል። ሞርሳ ስትገዛ አፉን ግጠምና ብርሃን በመሐሉ ያልፍ እንደሆን ተመልከት። መዶሻ ስትገዛ ፊቱ የተፈረፈረውን ተው፤ ስባሪው ዓይን ውስጥ ይገባል።

በርሜል ላይ ግን ልመና አለኝ። ቤንዚን የነበረበት በርሜል ባዶ ሆኖ ቢከርምም ትነቱ ውስጡ አለ፤ ግራይንደር ወይም ብየዳ ሲነካው እንደ ቦምብ ይፈነዳል። የውኃ ወይም የምግብ ዘይት በርሜል ፈልግ፤ ምን እንደነበረበት ያልታወቀውን አትንካው። ሌላው የግራይንደር ዲስክ ነው። 115 ሚሊ ሜትሩ ዲስክ በደቂቃ እስከ 13,300 ዙር ይችላል፤ 230 ሚሊ ሜትሩ 6,600 ብቻ። ትንሹ ግራይንደር በደቂቃ 11,000 አካባቢ ይዞራል። መከላከያውን ፈትተው ትልቁን ዲስክ ትንሹ ላይ የሚያስሩ ሰዎች አይቻለሁ፤ ያ ዲስክ ሲበተን የሚያስቆመው ነገር የለም።

የእኔ የሥራ ክፍል ዛሬ ግቢ ጥግ ያለች የቆርቆሮ ዳስ ናት። ቅዳሜ ቅዳሜ የሰፈር ልጆች ይመጣሉ፤ ወላጆቻቸው አይከለክሏቸውም፣ እንዲያውም አንዳንዶቹ ራሳቸው ይዘዋቸው ይመጣሉ። ሕጎቼ ሁለት ናቸው። መነጽር ያላደረገ አይገባም። ሁለተኛው የኦቦ ነው፦ ጥቁር ብረት ሁሉ እስኪጣራ ድረስ ትኩስ ነው። ቀዩንማ ማንም ይፈራዋል፤ የሚያቃጥለው መቅላቱን ተወት አድርጎ ሙቀቱን ያልተወው ነው፤ ስለዚህ የእጅን ጀርባ አስጠግቶ ሳይሰሙ መጨበጥ የለም። ለልጆቹ የምሰጣቸው የመጀመሪያ ሥራ የቁርጥራጩን ሳጥን መለየት ነው፦ አንጠልጥለው እየመቱ፣ ባሌስትራውን በአንድ ወገን፣ ፌሮውን በሌላው። ብየዳውን አስነካን እያሉ የሚጨቀጭቁኝ አሉ፤ አስነካቸዋለሁ፣ ሳጥኑ አልቆ አንድም ሳይሳሳቱ ሲቀሩ።