ዳማከሴ በክሬንሾው

ምች አሜሪካ ድረስ ተከትሎን ይመጣል ብሎ የጠረጠረ አልነበረም። ግን መጣ። በተለይ በመስከረምና በጥቅምት፣ ሳንታ አና የሚሉት ደረቅ ነፋስ ከበረሃው ሲነሣና ሎስ አንጀለስ እንደ ምጣድ ስትግል፣ በክሬንሾው ቡሌቫርድ ግራና ቀኝ ተበትነን ከምንኖረው አበሾች አንዱ ራሱን ይዞ፣ ከንፈሩ ቆስሎ፣ «ምች መታኝ» ማለቱ አይቀርም ነበር። ስልክ የሚደወለው ታዲያ መጀመሪያ ለሐኪም ሳይሆን ለእትዬ ነው።

ሙሉ ስማቸውን የሚያውቅ ጥቂት ነው፤ ለሁላችንም እትዬ ናቸው። የተከራዩት ቤት ጠባብ ቢሆንም ከጋራዡ ጀርባ፣ አጥሩን ተከትሎ፣ ጓሮ ነበራቸው። ጎመን፣ በሶብላ፣ ጤና አዳም፣ ጥግ ላይ ደግሞ ሰው የሚያህል ዳማከሴ። ዘሩ እንዴት እንደ ገባ አይጠየቅም። እርጥብ ቅጠል ይዞ የመጣ ሁሉ ኤርፖርት ላይ ተወርሶበት ስለሚያውቅ፣ ነገሩ በዝምታ የታለፈ ነው። ውርጭ እምብዛም የማያውቀው የከተማው አየር ተስማምቶት ክረምት ከበጋ ይለመልማል።

ጤና አዳሙ አላስቸገረም። ሜክሲኮዎች «ሩዳ» ብለው ያውቁታል፤ ችግኝ መሸጫቸው ውስጥም አይጠፋም። የእትዬ ጎረቤት አንዲት ሜክሲኳዊት አሮጊት ነበሩ። እትዬ እስፓኒሽ አያውቁ፣ እሳቸው አማርኛ አያውቁ፤ በአጥሩ ላይ ቅጠል እየተቀባበሉ፣ እያሸተቱና ራሳቸውን እየነቀነቁ ይግባባሉ። ከእኛ ይልቅ የሚግባቡት እነሱ ይመስሉኝ ነበር።

እትዬ ዳማከሴውን ሲቀጥፉ ለጋ ለጋውን ይመርጣሉ። አጥበው በመዳፋቸው መካከል ያሹታል፤ መጀመሪያ አረፋ ያወጣል፣ ከዚያ ጥቁር አረንጓዴ ይሆናል። በንጹሕ ነጠላ ጫፍ ጠቅልለው ስኒ ላይ ሲጨምቁት የሚንጠባጠበው ትንሽ ነው። ቡና ይጨመርበታል። «አይዞህ የኔ ልጅ፣ ጨክነህ ጠጣት!» ይላሉ። የተረፈውን ግንባርህን ይቀቡሃል፣ ያሸቱሃል፣ ጋቢ ደርበው ያስተኙሃል። ላብ ሲያጠምቅህ «ለቀቀህ» ይላሉ፤ በሦስተኛው ቀን ካለቀቀህ ግን ጫማቸውን አድርገው ራሳቸው ሐኪም ቤት ይዘውህ የሚሄዱ ሴት ነበሩ።

አንድ እሑድ ቡና ተፈልቶ ስኒው ሁሉ ላይ ጤና አዳም ጣል ጣል ተደርጎ ሲታደል፣ እትዬ ከአዲሷ ሙሽራ ስኒ ላይ ቅጠሉን ምንም ሳይሉ አነሱት። እርግዝናዋን ለማንም አልነገረችም ነበር። ጤና አዳም ማሕፀን ያኮማትራል፤ ለነፍሰ ጡር አይሰጥም። ቅጠሉን በፀሐይ ሲቆርጡም ጭማቂው ቆዳ ላይ ከቀረ ያቃጥላል፣ ውኃ ያስቋጥራል። እትዬ ይህን የተማሩት ከእናታቸው እንጂ ከመጽሐፍ አይደለም።

ሳይንሱ ኋላ ደረሰ። በ2003 እ.ኤ.አ. የታተመ የኢትዮጵያ ተመራማሪዎች ሥራ ዳማከሴ ትኩሳት እንደሚያበርድ በአይጦች ላይ አሳየ፤ በ2011 እ.ኤ.አ. ደግሞ ከቅጠሉ የወጣው ጭማቂ የአይጥ እግር እብጠትን፣ ማለትም ብግነትን፣ እንደሚቀንስ ታየ። እትዬ ቢሰሙ «አይጧ ምን በደለች?» የሚሉ ይመስለኛል። አይጥ ሰው አይደለም፤ ምርምሩ ግን እናቶቻችን የያዙት ባዶ እምነት እንዳልነበረ ይመሰክራል።

በ2002 እ.ኤ.አ. ፌርፋክስ ላይ ከኦሊምፒክ እስከ ፒኮ ያለው መንገድ «ትንሿ ኢትዮጵያ» ተብሎ በከተማው ሲሰየም ጮቤ ረገጥን። ዛሬ እዚያ ሱቅ ገብቶ የሽፈራው ዱቄት፣ የደረቀ ጦስኝ፣ ኮሰረት መጠየቅ ይቻላል። ልጆቻችን የሚጠይቁት «አንቲ-ኢንፍላማቶሪ ነው ወይ?» ብለው ነው። ጥያቄው ጥሩ ነው። ለማን፣ ስንት፣ መቼ ይቅር የሚለውን ግን ማሸጊያው አይነግራቸውም።

አንድ ነገር እስከ ዛሬ ያናድደኛል። ሮን ፊንሊ የተባለው የደቡብ ሎስ አንጀለስ ሰው በ2010 እ.ኤ.አ. ከቤቱ ፊት ባለው የመንገድ ዳር መሬት አትክልት በመትከሉ ከከተማው ጋር ተጋጨ፤ ትግሉ ፍሬ አፍርቶ በ2015 እ.ኤ.አ. ደንቡ ተሻሻለ፣ መንገድ ዳር የሚበላ ነገር መትከል ተፈቀደ። እትዬ ዕድሜ ልካቸውን በጓሮ የደበቁትን በደጃፋቸው መትከል ሲችሉ፣ እሳቸው ኪራዩ አባሯቸው ልጃቸው ጋ ላስ ቬጋስ ገብተው ነበር። በ2022 እ.ኤ.አ. የከተማው ባቡር በክሬንሾው ሥራ ሲጀምር የቤቱ ዋጋ ጭራሽ ሰማይ ነካ። ጋራዡ አሁን የሚከራይ ቤት ሆኗል፤ ዳማከሴው የነበረበት ሲሚንቶ ፈሶበታል።

እናት ያላችሁ፣ አክስት ያላችሁ፣ ዛሬ ደውሉላቸው። የቅጠሉን ስም ታውቁታላችሁ፤ መጠኑን ጠይቁና ጻፉት። ዳማከሴ ያላችሁም አንድ ቅርንጫፍ ለጎረቤት ስጡ።