የኮምፒዩተሩን ክዳን የከፈትኩ ዕለት



ይህ ጽሑፍ የተተየበበትን ኮምፒዩተር ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በቤተ መጻሕፍቱ ጥግ፣ አቧራ እንዳይገባበት በአሮጌ ነጠላ ተሸፍኖ የሚቀመጠው ነው። በካኩማ አቧራ የማይገባበት ነገር ባይኖርም ነጠላውን አላነሣንለትም።

ይህ ኮምፒዩተር ማዝገሙ ከልክ አልፎ ነበር። ልጆች የሳይንስ ትምህርት በቪዲዮ ሲከፍቱ ምስሉ ቆሞ ድምፁ ብቻውን ይሄዳል። ሰው ሁሉ «አርጅቷል፣ ሌላ ይለመንልን» ይል ነበር። እኔ ግን ልመናው ስንት ጊዜ እንደሚፈጅ ስለማውቅ ፕሮሰሰሩን ለመለወጥ አሰብኩ። ፕሮሰሰር ማለት ስሌቱን ሁሉ የሚሠራው፣ ከብስኩት የማይበልጥ ጠፍጣፋ ዕቃ ነው። ከዚያ በፊት ግን ለውጬ አላውቅም።

የነበረው ፔንቲየም ጂ620 ይባላል፤ ሁለት ኮር፣ ማለትም ሁለት የስሌት ክፍል አለው። የመረጥኩት ኮር አይ5-2400 ደግሞ አራት አለው። ሁለቱም በ2011 እ.ኤ.አ. የወጡ ሲሆኑ የሚገቡት 1155 እግር ባለው መቀመጫ ነው። ይህን ቁጥር ልብ በሉ። ከእሱ በፊት 1156 የሚባል፣ ከእሱ በኋላ 1150 የሚባል መቀመጫ ወጥቷል፤ ፕሮሰሰሮቹ ሲያዩዋቸው አንድ ይመስላሉ፣ ነገር ግን የአንዱ በሌላው አይሠራም። ስለዚህ ናይሮቢ ለሚሄድ ዘመዴ ቁጥሩን በወረቀት ጽፌ ሰጠሁትና «ሻጩ ያው ነው ቢልህ እንዳትቀበለው» አልኩት። ሌላው ሐሳቤ መብራቱ ነበር። የድሮው የተመደበው በ65 ዋት ሲሆን አዲሱ በ95 ዋት ነው፤ በሶላር ባትሪ ለሚሠራ ትምህርት ቤት ይህ ቀላል ልዩነት አይደለም።

የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ሐሳቤን ሰምተው ዝም አሉ። በኋላ «ልጄ፣ ብታበላሸው ምትክ የለንም» አሉኝ።

«ይገባኛል፣ ጋሼ» አልኩ። የገባኝ ግን በኋላ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ገመዱን ነቅዬ፣ እጄን የኮምፒዩተሩን ብረት አስነክቼ፣ ክዳኑን ከፈትኩ። ማራገቢያውንና ከሥሩ ያለውን ሙቀት ተቀባይ ብረት የያዙትን አራት ብሎኖች በካቻቢቴ ፈታሁ። በብረቱና በፕሮሰሰሩ መካከል ያለው ቅባት እንደ ደረቀ ጭቃ ሆኖ ነበር። ማንሻውን ከፍቼ የድሮውን ፕሮሰሰር ሳወጣ ከዚያ ቅባት አንድ ፍርፋሪ መቀመጫው ላይ ወደቀ። እዚህ ላይ ነው የተሳሳትኩት። በጥጥ ጠረግሁት።

የመቀመጫው እግሮች ከፀጉር ብዙም የማይወፍሩ፣ ጎንበስ ያሉ ሽቦዎች ናቸው። በትንፋሽም ቢሆን እፍ ማለት አይገባም፣ ምራቅ ይረጫልና። ጥጡ አንድ ቦታ ያዝ እንዳደረገው ተሰምቶኛል፤ ምንም አልሆነም ብዬ ራሴን አታለልኩ። አዲሱን ፕሮሰሰር በጥግ ያለውን ሦስት ማዕዘን ምልክት አመሳክሬ ሳልጫን አስቀመጥኩ፣ ማንሻውን ዘጋሁ፣ ምስር የምታህል አዲስ ቅባት አደረግሁ፣ ብሎኖቹንም በተሻጋሪ እያፈራረቅሁ አጠበቅሁ። ማራገቢያውንም ሽቦው ላይ ሰካሁ።

አበራሁት። ሠራ! ጋሼ አጨበጨቡ።

ጋሼ ሳያዩት እኔ ያየሁት ግን ነበር። ስክሪኑ ላይ 4 ጊጋባይት መሆን የነበረበት ራም 2 ብቻ ሆኖ ተጻፈ። ራሞቹ ሁለት ናቸው፤ ወደ እያንዳንዳቸው የሚወስደው መንገድ በፕሮሰሰሩ በኩል ያልፋል። አንድ እግር ጎብጦ መንገዱን እንደ ዘጋው ወዲያው ገባኝ። ኮምፒዩተሩ ይሠራል፣ ቪዲዮውም ይሄዳል፤ ዝም ብል ማንም አያውቅም ነበር። ነጠላውን አልብሼው ወደ ቤቴ ሄድኩ። ሌሊቱን አልተኛሁም ብዬ አልዋሻችሁም፤ ተኝቻለሁ። ጠዋት ግን ጋሼን «እንዴት አደሩ» ስላቸው ዓይናቸውን ማየት አቃተኝ።

ነገርኳቸው። አልተቆጡም፤ «ተነሥ» ብለው ሰዓት ሠሪው አባባ ዘንድ ወሰዱኝ። አባባ ኮምፒዩተር ነክተው አያውቁም። አጉሊ መነፅራቸውን ዓይናቸው ላይ ሰክተው መቀመጫውን ቃኙና «ከሁሉ ይልቅ ይቺ ተኝታለች» አሉ። እኔ በወረንጦ ልያዛት ስል እጄን መቱኝ። የልብስ መርፌ ወስደው፣ ትንፋሻቸውን ይዘው፣ ጥቂት በጥቂት ቀና አደረጓት። ብትሰበር ማዘርቦርዱ አብሮ ያልቅለት ነበር። እኔ በዚያ ሰዓት መቁጠር የቻልኩት የግድግዳ ሰዓቶቹን ምት ብቻ ነው። ገጥመን ስናበራው 4 ጊጋባይት አለ። አባባ «ስንት ላስከፍልህ?» ብለው ሳቁና ሻይ አስመጡልኝ።

አሁን ቪዲዮው ሳይቆም ይሄዳል፤ ይህን ጽሑፍ ስተይብም ፊደሉን አልጠብቅም። ሲበራ ግን እንደ ድሮው ያዘግማል፤ ዕቃ የሚያስቀምጥበት ሃርድ ዲስክ አሮጌና ተሽከርካሪ ስለሆነ ፕሮሰሰር አያፈጥነውም። እንዲያውም ከእሱ ብጀምር ይሻል ነበር።

የድሮው ፕሮሰሰር ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ በካራሜላ ቆርቆሮ ተቀምጧል። ማየት የምትፈልጉ ጠይቁኝ። ጀርባው ላይ ያሉትን ወርቃማ ነጥቦች በእጃችሁ መንካት ትችላላችሁ፤ እሱን ከእንግዲህ አይጎዳውም።